ድባቴ፣ የአንጎል ምስል እና የእግር ጉዞ

በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን በቃል የቀረበ፣ በኋላም ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የተጻፈ ንግግር

የተከበራችሁ ወገኖቼ፣ በዚህ ብርድ፣ ያውም ብዙዎቻችሁ በሌሊት ፈረቃ አድራችሁ፣ እዚህ በመገኘታችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። የማነሣው ጉዳይ የሚጀምረው አብዛኞቻችሁ በስልካችሁ ላይ ካያችሁት አንድ ሥዕል ነው። ሁለት አንጎሎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ አንዱ በቀይና በቢጫ ደምቋል፣ ሌላው ሰማያዊና ጠቆር ያለ ነው፤ ከሥራቸው "ጤነኛ" እና "በድባቴ የተያዘ" ተብሎ ተጽፏል። ይህን ያየ ሰው ድባቴ ማለት መብራቱ የጠፋ ቤት ነው ብሎ ያምናል። ከዚያም አንዱ "እንግዲህ አንጎሌ ከተበላሸ ምን ተስፋ አለኝ" ብሎ ይተኛል፤ ሌላው ደግሞ "ሩጫ አንጎልን ያድሳል" የሚል ሌላ ሥዕል ያይና ሐኪም ያዘዘለትን መድኃኒት ይጥላል። ሁለቱንም ዓይነት ሰዎች በቅርብ አውቃለሁ። ዛሬ ልነግራችሁ የምፈልገው እነዚህ ምስሎች በእርግጥ ምን እንደሚያሳዩ፣ የአካል እንቅስቃሴ ለድባቴ ምን እንደሚያደርግ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ የታመመ ሰው "ተነሥና ተንቀሳቀስ" ሲባል ለምን መነሣት እንደሚያቅተው ነው።

አስቀድሜ ስለ ቃሉ ጥቂት ልበል። በአማርኛችን "ደበረኝ" የሚለው ቃል ለዝናባማ ከሰዓትም፣ ለአሰልቺ ስብሰባም፣ ሰው ለቀበረ ሐዘንተኛም ይነገራል። ሐኪሞች ድባቴ የሚሉት ግን ከዚህ ሁሉ የተለየ ሕመም ነው፤ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ በአብዛኛው የቀኑ ክፍል፣ ስሜት ሲወርድ ወይም ከዚህ በፊት ያስደስት የነበረው ነገር ሁሉ ጣዕሙን ሲያጣ፣ ከዚህም ጋር እንቅልፍ ሲዛባ፣ የምግብ ፍላጎት ሲለወጥ፣ ሐሳብ መሰብሰብ ሲያቅት፣ አካል ሲዝል፣ ራስን መውቀስ ሲበዛ፣ አንዳንዴም ሞት ሲታሰብ ነው። በዓለም ላይ ከ280 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ከዚህ ሕመም ጋር ይኖራሉ።

ወደ ምስሉ ልመለስ። ኤምአርአይ የሚባለው ማሽን ሐሳብንም ሆነ ሐዘንን ፎቶ አያነሣም። በ1990 ሴጂ ኦጋዋ የተባሉት ሳይንቲስት ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ሥራ፣ ኦክስጅን የተሸከመ ደምና ኦክስጅኑን ያራገፈ ደም በማግኔት ፊት ጠባያቸው እንደሚለያይ፣ ይህንንም ልዩነት ተጠቅሞ የአንጎልን ሥራ መከታተል እንደሚቻል አሳዩ። አንድ የአንጎል ክፍል ሥራ ሲበዛበት ትኩስ ደም ይጎርፍለታል፤ ማሽኑ የሚይዘው ይህን ጎርፍ ነው፤ ጎርፉ ደግሞ ከነርቮቹ ሥራ አምስት ስድስት ሴኮንድ ያህል ዘግይቶ ነው ጫፍ ላይ የሚደርሰው። በምስሉ ላይ እንደ አንዲት ነጥብ የምናያት፣ በየጎኗ ሁለት ወይም ሦስት ሚሊ ሜትር የሆነችው ቁራሽ፣ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ የነርቭ ሕዋሳትን በውስጧ ይዛለች። ቀዩና ቢጫው ቀለም ከአንጎሉ የመጣ አይደለም፤ በኮምፒውተር የተሠራ ስሌት ውጤት በየቦታው ምን ያህል ከፍ እንዳለ ለማሳየት የተቀባ ነው። ብዙ ጊዜም ምስሉ የአንድ ሰው አይደለም፤ የሃያ ወይም የሠላሳ ሰው አማካይ ነው። ሌላው ዘዴ፣ ፔት ስካን የሚባለው፣ ጥቂት ጨረር የሚሰጥ ስኳር በደም ሥር ከተሰጠ በኋላ አንጎል የትኛው ቦታ ላይ ስኳሩን አብዝቶ እንደሚጠቀም ይለካል። ከሰውነታችን ክብደት 2 በመቶ ገደማ ብቻ የሆነው አንጎል ከምንጠቀመው ኃይል 20 በመቶ ያህሉን ስለሚወስድ፣ የስኳሩን መንገድ መከተል ብዙ ይናገራል።

ማሽኑ ውስጥ የሚገባው ሰው ምን እንደሚያጋጥመው ማወቅ፣ ምስሉን በልኩ ለመረዳት ይረዳል። ከመግባቱ በፊት ቁልፉን፣ ሳንቲሙን፣ ቀለበቱን ያስረክባል፤ ማተቡ ላይ የብረት መስቀል ካለም መስቀሉ ይወልቃል፣ ክሩ ግን አንገቱ ላይ ሊቆይ ይችላል። በጠባብ አልጋ ላይ ይጋደማል፣ ጆሮው ይደፈናል፣ ራሱ እንዳይነቃነቅ በሁለት ወገን በስፖንጅ ይያዛል፣ ፊቱ ላይ የወንፊት መከታ የሚመስል ነገር ይገጠማል፣ ቢጨንቀው የሚጨምቃት የጎማ ኳስ እጁ ላይ ትሰጠዋለች። ከዚያ ቆርቆሮ በመዶሻ የሚቀጠቀጥ የሚመስል ድምፅ ይጀምራል። ከፊቱ ባለች ትንሽ መስታወት ላይ አንድ ምልክት ይታያል፤ ምልክቱ "ቶሎ ብለህ ቁልፉን ከተጫንህ ገንዘብ ታገኛለህ" ማለት ነው። ይጫናል፤ ያገኛል ወይም ያጣል። ይህ እየተደጋገመ ከግማሽ ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት ይሄዳል። ስለ ድባቴ ከተማርናቸው ዋና ዋና ነገሮች አንዱ ከዚህች ቀላል ጨዋታ የተገኘ ነው፤ በኋላ እመለስበታለሁ።

ምርምሩ ያገኘው ምንድን ነው? ከሁሉ አስቀድሜ የማነሣው የነርቭ ሐኪሟን የሄለን ሜይበርግን ሥራ ነው። በ1999 ባሳተሙት ጥናት ጤነኛ ሰዎች የሚያሳዝናቸውን የሕይወት ገጠመኝ እያስታወሱ በፔት ስካን ሲታዩ፣ በአንጎል ግንባር ውስጥ በጥልቀት የሚገኝ አንድ ክፍል፣ በቁጥር 25 የሚታወቀው፣ ሥራው ሲጨምር፣ ከግንባር ጀርባ በላይኛው ጎን ያለውና ለማቀድና ለማሰብ የሚያገለግለው ክፍል ደግሞ ሲቀዘቅዝ ታየ። ከድባቴ በሕክምና ያገገሙ ሕመምተኞች ላይ ደግሞ የዚህ ተቃራኒ ታየ፤ የታችኛው ሲረግብ የላይኛው ነቃ። እነዚህ ሁለት ቦታዎች እንደ ሚዛን ሁለት ሳህኖች ናቸው ብለን ብናስብ ከእውነቱ ብዙም አንርቅም። ሜይበርግና ባልደረቦቻቸው ከዚህ ተነሥተው በ2005 በቶሮንቶ፣ ምንም ዓይነት ሕክምና ያልሠራላቸውን 6 ሕመምተኞች ወስደው፣ በዚያው በቁጥር 25 አካባቢ ቀጭን የኤሌክትሪክ ሽቦ አስገቡላቸው። ሕመምተኞቹ በቀዶ ሕክምናው አልጋ ላይ ነቅተው ሳለ ኤሌክትሪኩ ሲከፈት፣ ድንገተኛ መረጋጋትና መቅለል እንደተሰማቸው፣ የክፍሉም ቀለሞች ደመቅ እንዳሉላቸው ተናገሩ። ከ6ቱ 4ቱ ከስድስት ወር በኋላም መሻሻላቸው ጸንቶ ነበር።

ይህን ታሪክ ሰምቶ ልቡ የማይነሣሣ ሰው ያለ አይመስለኝም፤ እኔም መጀመሪያ ሳነበው እንዲያ ሆኜ ነበር። ነገር ግን ቀጥሎ የሆነውን ሳልነግራችሁ ባልፍ እውነቱን ግማሽ አደርገዋለሁ። ይኸው ሕክምና 90 ሕመምተኞችን ባሳተፈ ሰፋ ያለ ጥናት ሲፈተን፣ ኤሌክትሪኩ በተከፈተላቸውና ሽቦው ገብቶ ሳይከፈትላቸው በቆዩት መካከል በስድስት ወር ውስጥ የሚያስተማምን ልዩነት አልታየም፤ ውጤቱ በ2017 ታተመ። ተመራማሪዎቹ አልተዉትም፤ ሽቦው ያገኘው የነርቭ ገመድ በእያንዳንዱ ሰው አንጎል ውስጥ የቱ እንደሆነ በምስል እየለዩ አሁንም ይሠራሉ። ይሁንና በ6 ሰው የታየ ብርሃን በ90 ሰው መካከል ሊደበዝዝ እንደሚችል በዚህ መስክ ደጋግመን አይተናል።

ሁለተኛው ግኝት ሂፖካምፐስ ስለሚባለው ክፍል ነው። ቅርጹ የባሕር ፈረስ የምትባለውን ትንሽ ዓሣ ስለሚመስል ነው ይህን የግሪክ ስም ያገኘው፤ ከጆሯችን ወደ ውስጥ በግራና በቀኝ ይገኛል፣ ለአዲስ ትዝታ አስፈላጊ ነው፣ የጭንቀት ሆርሞኖችንም ልክ ለማስያዝ ይረዳል። በ1996 ኢቬት ሸላይን በሴንት ሉዊስ፣ ድባቴ የተመላለሰባቸው ሴቶች ሂፖካምፐሳቸው ከእኩዮቻቸው ያነሰ መሆኑን አሳዩ። በ2003 ደግሞ 38 ሴቶችን መርምረው፣ ድባቴው ሳይታከም የቆየበት ቀን በበዛ መጠን መጠኑ እያነሰ መሄዱን፣ በሕክምና ላይ ሆኖ ያለፈው ጊዜ ግን እንዲህ ያለ ዝምድና እንደሌለው ጻፉ። ይህ ለእኛ ማኅበረሰብ ትልቅ ነገር ነው፤ "ጊዜ ይፈታዋል" እያልን የምናሳልፈው ወር ዋጋ ሊኖረው ይችላል ማለት ነውና።

መጠኑን ግን በልኩ እንያዘው። ከልዩ ልዩ አገሮች የተሰበሰቡ የ1,728 ሕመምተኞችና የ7,199 ጤነኛ ሰዎች ምስሎች በአንድ ላይ ሲመረመሩ፣ የሂፖካምፐስ ልዩነት በአማካይ 1.24 በመቶ ሆኖ ተገኘ። ልዩነቱ ጎልቶ የታየው ሕመሙ በተመላለሰባቸውና በወጣትነታቸው በጀመራቸው ላይ ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በታመሙት ላይ ግን ከጤነኞቹ የተለየ ነገር አልታየም። አንድ ከመቶ ማለት በዓይን የሚለይ አይደለም። አንድ ሐኪም የአንድን ሰው ምስል ብርሃን ላይ ሰቅሎ "ይህ ሰው ድባቴ አለበት፣ ይህኛው የለበትም" ሊል አይችልም፤ የሁለቱ ቡድኖች አንጎሎች በአብዛኛው ተደራርበው ነውና የሚገኙት። በ2022 ስኮት ማሬክና ባልደረቦቹ የ50,000 ያህል ሰዎችን መረጃ አገላብጠው፣ የአንጎልን ምስል ከሰው ጠባይ ወይም ሕመም ጋር አያይዞ አስተማማኝ ነገር ለመናገር ብዙ ጊዜ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች እንደሚያስፈልጉ አሳይተዋል፤ በመስኩ የተለመደው የአንድ ጥናት ተሳታፊ ብዛት ግን 25 ገደማ ነበር።

ስለዚህ አንድ ነገር አደራ እላችኋለሁ። ወገኖቻችን ብዙ ጊዜ ወደ ሐኪም ሲሄዱ "አዝኛለሁ" አይሉም፤ "ራሴን ይወጥረኛል፣ ልቤን ያፍነኛል፣ ሰውነቴ ዝሏል" ነው የሚሉት። ከዚያ ቤተሰቡ ተዋጥቶ፣ ከውጭም ገንዘብ ተልኮ፣ ኤምአርአይ ይነሣሉ፤ ውጤቱ "ምንም የለበትም" ተብሎ ይመጣል፤ ሰውየውም ምንም የሌለበት ሰነፍ ተደርጎ ይቆጠራል። ድባቴን ለማወቅ ኤምአርአይ አያስፈልግም። የሚታወቀው በጥሞና በሚደረግ ጥያቄና መልስ ነው፤ አስፈላጊ ሲሆን የታይሮይድ ዕጢን፣ የደም ማነስንና የመሳሰሉትን ለማጣራት የደም ምርመራ ይታከልበታል። ምስል የሚታዘዘው ሐኪሙ ሌላ የአንጎል ሕመም ሲጠረጥር ነው። ንጹሕ ሆኖ የወጣ ምስል የድባቴን አለመኖር አያረጋግጥም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ምርምር ምን ጠቀመ? በእኔ እምነት ከሁሉ በላይ የጠቀመው ነውርን በመቀነስ ነው። ድባቴ የጥጋብ ወይም የእምነት ማነስ ውጤት አለመሆኑን፣ አካል ያለው፣ ሥፍራ ያለው፣ በሕክምናም የሚለወጥ ነገር መሆኑን አሳየን። በቅርብ ዓመታት ደግሞ ድባቴ አንድ ዓይነት እንዳልሆነ እየታየ ነው። በ2024 የስታንፎርዷ ሊያን ዊልያምስና ባልደረቦቿ፣ ድባቴና ጭንቀት ያለባቸው 801 ሰዎችን በኤምአርአይ አጥንተው፣ በአንጎል መረቦች አሠራር ስድስት ዓይነት አድርገው ከፋፈሏቸው፤ አንዱ ዓይነት ለአንድ መድኃኒት፣ ሌላው ለንግግር ሕክምና የተሻለ መልስ እንደሚሰጥም የሚጠቁም ነገር አገኙ። ይህ ገና የምርምር ቤት ነገር ነው፤ በሠፈራችን ክሊኒክ የምናገኘው አይደለም።

አሁን ወደ እንቅስቃሴው ልለፍ፤ እዚህ ላይ ከምስሉ ይልቅ የሰዎቹ ሕይወት ነው አስቀድሞ የመሰከረው። በ1999 የዱክ ዩኒቨርሲቲው ጄምስ ብሉመንታል፣ ዕድሜያቸው 50 እና ከዚያ በላይ የሆነ 156 በድባቴ የታመሙ ሰዎችን በዕጣ ለሦስት ከፈላቸው፤ አንዱ ቡድን በሳምንት ሦስት ቀን ተሰብስቦ በፍጥነት እንዲራመድ ወይም ሶምሶማ እንዲሮጥ፣ ሁለተኛው ሴርትራሊን የተባለውን መድኃኒት እንዲወስድ፣ ሦስተኛው ሁለቱንም እንዲያደርግ። ከ16 ሳምንት በኋላ ከሕመሙ የወጡት ከተንቀሳቃሾቹ 60.4 በመቶ፣ መድኃኒት ከወሰዱት 68.8 በመቶ፣ ሁለቱንም ካደረጉት 65.5 በመቶ ነበሩ፤ በሒሳብ ሲመዘኑ ሦስቱ አይለያዩም። መድኃኒቱ ቶሎ ነበር የሠራው፤ እንቅስቃሴው ዘግይቶ ደረሰበት። ይኸው የምርምር ቡድን በ2007 በ202 ሰዎች ላይ፣ መድኃኒት የሚመስል ነገር ግን መድኃኒት የሌለበት ክኒን የሚወስድ ቡድን ጨምሮ ሲደግመው፣ በአሠልጣኝ ሥር በቡድን ከተንቀሳቀሱት 45 በመቶ፣ በቤታቸው ለብቻቸው ከተንቀሳቀሱት 40 በመቶ፣ መድኃኒት ከወሰዱት 47 በመቶ፣ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት ደግሞ 31 በመቶ ከሕመሙ ወጡ። ባዶ ክኒን 31 በመቶ ማድረሱን ልብ በሉ፤ ተስፋና ክትትል ራሳቸው ሕክምና ናቸው።

በ2024 ደግሞ 218 ጥናቶችና 14,170 ተሳታፊዎች አንድ ላይ ተመዝነው፣ መራመድና ሶምሶማ፣ ዮጋ፣ ክብደት ማንሣትም ድባቴን መጠነኛ በሆነ ደረጃ እንደሚያቀልሉ፣ ጠንከር ያለ እንቅስቃሴም የበለጠ እንደሚረዳ ታትሟል። አዘጋጆቹ አንድ ድክመት አልሸሸጉም፤ ሰው እየሮጠ መሆኑን ከራሱ ሊደብቁት ስለማይችሉ፣ የተስፋው ድርሻ ስንት እንደሆነ አጥርቶ መለየት ያስቸግራል። ያልሠራበትም አለ። በኮፐንሃገን 115 ሕመምተኞች ለሦስት ወር፣ ግማሾቹ ልብ የሚያስመታ እንቅስቃሴ፣ ግማሾቹ አካል ማፍታቻ ብቻ ሲያደርጉ፣ በድባቴው ላይ በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም።

አንጎል ውስጥስ ምን ይሆናል? በብዙ ንግግሮች የሚጠቀሰው በኢሊኖይ ተሠርቶ በ2011 የታተመው የኪርክ ኤሪክሰንና የባልደረቦቹ ጥናት ነው። ዕድሜያቸው ከ55 እስከ 80 የሆነ 120 ሰዎችን ለአንድ ዓመት ተከታተሏቸው። ግማሾቹ በሳምንት ሦስት ቀን እንዲራመዱ ተደረገ፤ መጀመሪያ ለ10 ደቂቃ፣ ከዚያ በየሳምንቱ 5 ደቂቃ እየተጨመረ፣ በሰባተኛው ሳምንት 40 ደቂቃ ደረሱ። በዓመቱ መጨረሻ የተራማጆቹ ሂፖካምፐስ 2 በመቶ ገደማ ጨመረ፤ አካል ማፍታቻ ብቻ ይሠሩ የነበሩት ሌሎቹ ግማሾች ደግሞ በዕድሜ ምክንያት 1.4 በመቶ ገደማ ቀነሰባቸው። ቢዲኤንኤፍ የሚባል፣ የነርቭ ሕዋሳትን የሚመግብ ፕሮቲን በደማቸው ውስጥ መጨመሩም ከዚህ ጋር አብሮ ሄዷል። በአይጦች ላይ ሩጫ በሂፖካምፐስ ውስጥ አዳዲስ የነርቭ ሕዋሳት እንዲበዙ እንደሚያደርግ ከ1999 ጀምሮ ይታወቃል።

እዚህ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የኢሊኖይ ተራማጆች ድባቴ ያለባቸው አልነበሩም፤ ሽማግሌዎች ነበሩ። ድባቴ ባለባቸው የኮፐንሃገን ሰዎች ላይ ሂፖካምፐስ ሲለካ በእንቅስቃሴው የመጣ ለውጥ አልታየም። በ2018 14 ጥናቶች በአንድ ላይ ሲታዩም፣ የእንቅስቃሴው ጥቅም የታየው በግራው ሂፖካምፐስ ላይ ብቻ ነው፤ እሱም በአብዛኛው እንዳይቀንስ በመጠበቅ እንጂ በማሳደግ አልነበረም። እንግዲህ እንቅስቃሴ ሰውን ከድባቴ ማውጣቱ በሰዎች ላይ የታየ ነው፤ የሚያወጣው ሂፖካምፐስን በማሳደግ ነው የሚለው ግን ገና አልተረጋገጠም። በእኔ ግምት መንገዱ አንድ አይደለም፤ እንቅልፉ ይስተካከላል፣ የሰውነት ብግነት ይቀንሳል፣ ሰው ከቤት ይወጣል፣ ፀሐይ ያያል፣ "ይህን እንኳ ቻልሁ" የሚል ነገር ያገኛል።

አሁን ወደዚያች ቁልፍ የመጫን ጨዋታ ልመለስ። ጤነኛ ሰው "ልታገኝ ነው" የሚለውን ምልክት ሲያይ፣ ስትሪየተም በሚባለው በአንጎል ጥልቅ ክፍል ደም ይጎርፋል፤ ገንዘቡ ገና እጁ ሳይገባ። በድባቴ የተያዘ ሰው ላይ ይህ መልስ ደካማ መሆኑ በተደጋጋሚ ታይቷል። ይህ ክፍል አንድ ነገር ይጠቅመኛል ብለን ከአልጋችን እንድንነሣ የሚገፋን ነው። እንግዲህ አስቡት፤ ይህንን ሰው "ብትንቀሳቀስ ይሻልሃል" ስንለው፣ ነገ የሚሻለውን ዛሬ እንዲቀምሰው የሚያደርገውን ያንኑ የታመመ ክፍል ነው ሥራ የምናዝዘው። በአምስተርዳም ድባቴ ወይም የጭንቀት ሕመም ያለባቸው 141 ሰዎች የተሳተፉበት፣ በ2023 የታተመ ጥናት ይህን በቁጥር ያሳያል። ጥቂቶቹ በዕጣ ሲመደቡ፣ አብዛኞቹ ግን ከመድኃኒትና ከሩጫ ራሳቸው እንዲመርጡ ተደረገ፤ በጠቅላላው 96ቱ ሩጫን፣ 45ቱ መድኃኒትን ያዙ። በ16 ሳምንት ውስጥ ከሕመሙ የወጡት በሁለቱም ወገን 44 በመቶ ገደማ ነበር፤ ክብደት፣ የደም ግፊትና የልብ ምት በመሳሰሉት ላይ ሯጮቹ በለጡ። ሕክምናውን እንደታዘዘው የጨረሱት ግን መድኃኒት ከወሰዱት 82 በመቶ፣ ከሯጮቹ 52 በመቶ ብቻ ናቸው። አብዛኞቹ ሩጫን ፈልገውት፣ መርጠውት፣ ግማሽ ያህሉ አልቻሉም። ይህን ስንፍና የሚል ሰው ካለ ሕመሙን አልተረዳም።

ይህን ነገር ከማንበቤ በፊት ያየሁት በቤታችን ነው። ታናሽ እህቴ ከብዙ ዓመት በፊት አዲስ አበባ ታማ፣ ሽሮ ሜዳ ባለው ቤታችን ለወራት መጋረጃ ሳይከፈት ተኛች። ሐኪም አይቷት መድኃኒት ጀምራ ነበር። እኔ ከበሩ ቆሜ "ተነሺ እንጂ፣ ትንሽ እንኳ ወክ አድርጊ" እላት ነበር፤ እሷም ፊቷን ወደ ግድግዳው ታዞራለች። አክስታችን ግን አንድ ማለዳ መጥታ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠችና እግሯን ዘረጋች። "የኔ እናት፣ ጉልበቴ አልታጠፍ አለኝ፤ እስቲ ጫማዬን እሰሪልኝ" አለቻት። እህቴ ተነሥታ፣ ወለሉ ላይ ተንበርክካ፣ የአክስቴን የሸራ ጫማ ክር አሰረች። "ተባረኪ። በይ እስከ በሩ ሸኚኝ" አለቻት። ትልቅ ሰው "ሸኚኝ" ሲል እንቢ አይባልም። ነጠላዋን ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ እስከ በሩ ሸኘቻት። በማግስቱ አክስቴ ተመልሳ መጣች፤ ጫማዋ ዳግመኛ መታሰር ነበረበት፤ ሽኝቱም እስከ ዳቦ ቤቱ ሆነ። ከሳምንት በኋላ እስከ ታክሲ ተራው። በወሩ ሁለቱ ክንድ ለክንድ ተያይዘው ወደ እንጦጦ የሚወጣውን ዳገት እስከ ግማሽ ይሄዱ ነበር፤ አክስቴ እያረፈች፣ እህቴ እየጠበቀቻት። አክስቴ አንድም ቀን "ለጤናሽ ነው" አላለቻትም። የነገውን ጥቅም ማየት ያቃታትን ልጅ ለነገ ብላ እንድትነሣ አልጠየቀቻትም፤ አሁን፣ ከፊቷ ላለ ሰው፣ ልታደርገው የምትችለውን አንድ ነገር ሰጠቻት። ዳቦ ቤቱን፣ ታክሲ ተራውን፣ ዳገቱን ሳስብ በየሳምንቱ አምስት አምስት ደቂቃ የሚጨምሩት የኢሊኖይ ሽማግሌዎች ትዝ ይሉኛል።

መድኃኒቱ ነው ወይስ ሽኝቱ ያዳናት ብትሉኝ ለይቼ ልነግራችሁ አልችልም፤ ሐኪሟም ሁለቱንም እንድትቀጥል ነበር የመከራት።

አንድ ጥያቄ በየስብሰባው ስለሚቀርብልኝ ሳልነካው አላልፍም። "እኛ በመጋዘን ውስጥ ዕቃ ስናነሣ፣ በሆስፒታል ኮሪደር ስንመላለስ ውለን ነው የምንገባው፤ ከዚህ በላይ ምን እንቅስቃሴ ያስፈልገናል?" ትላላችሁ። ጥያቄው ትክክለኛ ነው፤ መልሱ ግን ያልጠበቃችሁት ሊሆን ይችላል። በሥራ ላይ የሚደረግ የአካል ድካም ለአእምሮ ያን ጥቅም ሲሰጥ በአብዛኛው አይታይም፤ ጥቅሙ የሚታየው በራስ ፈቃድ፣ በዕረፍት ጊዜ በሚደረገው ላይ ነው። በኖርዌይ 33,908 ሰዎች ለ11 ዓመት ክትትል ሲደረግላቸው የተጠየቁትም ስለዚህኛው ነበር፤ ሁሉም በሳምንት ቢያንስ አንድ ሰዓት ቢንቀሳቀሱ ኖሮ በኋላ ከታዩት የድባቴ ሕመሞች 12 በመቶ ያህሉን መከላከል ይቻል እንደነበር ተመራማሪዎቹ አስልተዋል። ለዚህ ጠቀሜታ ደግሞ ጠንካራ ሩጫ የግድ አልነበረም። ሁለት ሥራ የሚሠራ ሰው አንድ ሰዓት ከየት ያመጣል? ከሥራ ወደ ቤት ሲመለስ ከአውቶቡሱ አንድ ፌርማታ ቀድሞ መውረድ፣ እሑድ ከቅዳሴ ወይም ከጸሎት በኋላ መኪናውን ትቶ ከጓደኛ ጋር መራመድ መነሻ ይሆናል። ብዙ ወገኖቻችን ጠበል ሲሄዱ ዳገት ወጥተው፣ ከሰው ጋር ሆነው፣ በጠዋት ተነሥተው ነው የሚሄዱት፤ ጠበሉ ከሕክምናው ጋር አብሮ ሊሄድ ይችላል፤ መድኃኒት ጣሉ የሚል ካለ ግን ያንን አትስሙ።

የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነው። እንቅስቃሴ ብቻውን የማይበቃበት ጊዜ አለ። ሰውየው ምግብና ውኃ ካቆመ፣ ሌሎች የማይሰሙትን ድምፅ ከሰማ፣ ወይም መሞትን ካሰበ፣ የእግር ጉዞ አይጠበቅም፤ ያኔውኑ ወደ ሐኪም መውሰድ ነው። "ራስህን ስለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?" ብሎ በቀጥታ መጠየቅ ሐሳቡን በሰው ልብ ውስጥ አይዘራም፤ ብዙ ጊዜ ሰው ሲጠየቅ ይቀለዋል። እዚህ አሜሪካ በማንኛውም ሰዓት 988 ላይ መደወል ይቻላል፤ ከሐምሌ 2022 ጀምሮ በመላ አገሪቱ ይሠራል፤ አስተርጓሚ ብትፈልጉም መጠየቅ ትችላላችሁ። መድኃኒት የጀመረም ሰው እግሩ ስለቀለለውና እንቅልፉ ስለተመለሰ ብቻ በራሱ ፈቃድ አያቁም፤ ሲያቆምም በሐኪም ምክር ቀስ እያለ ይቀንስ።

ከአዳራሹ ስንወጣ የመኪና ማቆሚያው ሩቅ ነው። እስከዚያ ድረስ አብሬአችሁ እሄዳለሁ፤ የግል ጥያቄ ያላችሁ እዚያው እየሄድን ጠይቁኝ።